መወርወር ወይስ መገልበጥ?

ሰው መሣሪያ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ከእጁ ይቀድማል። የሚያብረቀርቀውን፣ ድምፅ የሚያሰማውን፣ ተመልካችን የሚያስጨበጭበውን ያነሣል። ሥራው ሲጀመር ግን ጥያቄው ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም «ይህ መሣሪያ የታሰበለትን ተግባር፣ በተሰጠው ሰዓት፣ ባለን ዐቅም፣ ሳይታክት ደጋግሞ ይፈጽማልን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር የሚቀርብ መኪና ኳስን ወደ ግብ የሚያስገባበት መሣሪያ እንዴት ይመረጥ የሚል ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ምርጫ ውስጥ የብዙ ወጣቶች ድካም፣ የወላጆች መዋጮና አንድ ክበብ በሁለተኛው ዓመት መኖር አለመኖሩ ይወሰናል። ስለዚህ አሳባችንን አስተካክለን፣ ማስረጃችንን ዘርዝረን ልንነጋገርበት ይገባል።

ሮቦት ማለት በሞተር የሚንቀሳቀስ፣ በተጻፈለት መመሪያ ወይም በርቀት በሚሰጠው ትእዛዝ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሠርተው የሚወዳደሩባቸው መድረኮች በዓለም ላይ ተስፋፍተዋል። ከነዚህም አንዱ ፈርስት ግሎባል የተባለው ውድድር ነው። የመጀመሪያው ውድድር በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ሲካሄድ ከ150 በላይ አገሮች ተካፍለዋል፤ አገራችን ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ነበረች። የዚያ ዓመት ጨዋታ መልእክት ስለ ንጹሕ ውኃ ነበር። ሰማያዊ ኳሶች የንጹሕ ውኃ፣ ብርቱካናማ ኳሶች የተበከለ ውኃ ምሳሌዎች ሆነው፣ ሮቦቶቹ ኳሶቹን ሰብስበውና ለይተው በየተወሰነላቸው ስፍራ እንዲያኖሩ ይጠበቅባቸው ነበር። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በጄኔቫ በተደረገው ውድድር ደግሞ ኳሶቹ አየርን የሚበክለው የካርቦን ምሳሌዎች ነበሩ። በውድድሩ ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን ስለሚላክ፣ ልዩነት የሚመጣው ከሣጥኑ ሳይሆን ከምርጫው ነው። ሀብታሙም ድሃውም የሚቀበለው ሞተርና ብረት ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው በዚያ ዕቃ ምን ለመሥራት እንደ ወሰነ ነው።

እስቲ ይህን ጉዳይ ወደ አገራችን፣ ወደ ወላይታ ሶዶ እናምጣው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች የሮቦት ክበብ አቋቋሙ እንበል። ለዝግጅት ያላቸው ጊዜ ዐሥር ሳምንት ነው። ከትምህርት በኋላ ለሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ለግማሽ ቀን ይገናኛሉ። መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። ሞተርና ባትሪ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው አንዱ ቢቃጠል በቀላሉ አይተካም። በአንጻሩ በከተማው ጣውላ አለ፣ ላሜራ አለ፣ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ አለ፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አለ፤ ብየዳ የሚያውቅ፣ ኩሽኔታ የሚያስገባ፣ ብሎንና ዳዶ የሚመርጥ ባለሙያም አይጠፋም። ውድድሩ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ሜዳው ላይ ሁለት ግብ ተተክሏል፤ ወደ ታችኛው ግብ የገባ ኳስ 1 ነጥብ፣ ወደ ላይኛው የገባ 2 ነጥብ ያስገኛል። እንዲህ ያለው ደንብ ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ራፒድ ሪአክት በሚል ስም የተካሄደው የፈርስት ውድድር ተማሪዎች ሮቦቱን ራሳቸው በሚያሽከረክሩበት ክፍሉ ለታችኛው ግብ 1፣ ለላይኛው 2 ነጥብ ይሰጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ ክበቡ ለሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ጎማ ይሽከርከር፣ ኳሱን አስፈንጥሮ ከሩቅ ወደ ላይኛው ግብ ይወርውር ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ወንጭፍ ይሻለናል ይላሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሰውን ገልባጭ መኪና ጠቅሰው፣ ኳሱን በሣጥን ተሸክሞ እስከ ግቡ ሄዶ የሚገለብጥ መሣሪያ እንሥራ ይላሉ። ሦስቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የእያንዳንዱን አሠራር መመርመር ይኖርብናል።

ወርዋሪ ጎማ በሞተር በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ኳሱ በጎማውና በማይንቀሳቀስ ግድግዳ መካከል ሲገባ ጎማው ይዞት ይተፋዋል። በዚህ አሠራር ኳሱ በግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ስለሚወጣ የሚያገኘው ፍጥነት ከጎማው ጠርዝ ፍጥነት ግማሽ ያህል ነው። ግድግዳው ቀርቶ ሁለት ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሽከረከሩ ኳሱ የጎማውን ፍጥነት ያህል ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ጎማ፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ሞተር ይጠይቃል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ፈተና ከአንዱ ኳስ በኋላ የሚመጣው ሌላው ኳስ ነው። ጎማው ኳስ በወረወረ ቁጥር ከጉልበቱ ይከፍላል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ቀድሞ ወደ ነበረበት ፍጥነት ሳይመለስ ሌላ ኳስ ቢገባ ኳሱ ሳይደርስ ይወድቃል። ባትሪውም በጨዋታው መጨረሻ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ትክክል የነበረው ውርወራ በመጨረሻው ደቂቃ ሊያጥር ይችላል።

ይህን ጉዳይ በቁጥር እንየው። አንድ ነገር በተመሳሳይ ማዕዘን ተወርውሮ በተነሣበት ከፍታ ላይ ሲያርፍ፣ የአየርን ተቃውሞ ትተን፣ የሚሄደው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የተመጣጠነ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ከመቶ ዐሥር ቢቀንስ፣ ማለት ከ1 ወደ 0.9 ቢወርድ፣ ርቀቱ ወደ 0.81 ይወርዳል። 3 ሜትር ይሄድ የነበረው ኳስ 2 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል፤ በሌላ አነጋገር ከግማሽ ሜትር በላይ ያጥራል። ዓይን የማያየው ጥቂት የፍጥነት ጉድለት በዓይን የሚታይ ስሕተት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ወንጭፉ የሚሠራው በተለጠጠ ጎማ ወይም በተጨመቀ ጥምዝ ሽቦ ነው። የጎማው መለጠጥ ሁልጊዜ አንድ መጠን ከሆነ ጉልበቱም አንድ መጠን ይሆናል፤ ባትሪው ቢደክምም ውርወራው ብዙ አይለወጥም። ይህ ትልቅ ብልጫው ነው። ጉድለቱ ደግሞ ከያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ማጥመድ ማስፈለጉና የተጠመደ ወንጭፍ አጠገቡ ለቆመ ሰው አደገኛ መሆኑ ነው። በገጠር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በበቆሎ ማሳ ዳር ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ከመያዙ ጋር ጥበቡን አልያዘም። ድንጋዩን መምረጥ፣ ክንዱን መለማመድ፣ የሚለቅበትን ቅጽበት ማወቅ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። የወንጭፍ ቀላልነት በመሣሪያው ላይ እንጂ በአጠቃቀሙ ላይ አይደለም።

ገልባጩ ከሁሉም ያነሰ የሚታይ ነው። አንድ ሣጥን፣ አንድ ማጠፊያ፣ ሣጥኑን የሚያነሣ አንድ ሞተር ይበቃዋል። ኳሱን ወደ ግቡ የሚወስደው የመሬት ስበት ስለሆነ የሚሰላ ማዕዘን፣ የሚለካ ፍጥነት የለውም። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። እስከ ግቡ ድረስ መሄድ አለበት፣ በመንገዱም ተቃራኒ ሮቦት ሊያግደው ይችላል፤ ከፍ ወዳለው ግብም አይደርስም። ጊዜ ይወስዳል፣ የሚያገኘውም ነጥብ በአንድ ኳስ 1 ብቻ ነው።

እንግዲህ በወሬ ከመከራከር ወደ ስሌት እንግባ። ሁለቱም ዓይነት ሮቦቶች በአንድ ጊዜ 4 ኳስ ይይዛሉ እንበል። ገልባጩ ኳስ ለቅሞ፣ ግቡ ድረስ ሄዶ፣ ገልብጦ እስኪመለስ 20 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ120 ሴኮንድ ውስጥ 6 ጊዜ ይመላለሳል፣ 24 ኳስ ያደርሳል፤ ሁሉም ቢገቡ 24 ነጥብ ያገኛል። ወርዋሪው ከሩቅ ስለሚጥል አንዱ ዙር 15 ሴኮንድ ብቻ ይወስድበታል። በመሆኑም 8 ዙር ይሠራል፣ 32 ኳስ ይወረውራል። ሁሉም ቢገቡ 64 ነጥብ ይሆናል። ይህን ቁጥር የሰማ ተማሪ ሁሉ «ታዲያ ምን ያከራክረናል?» ማለቱ አይቀርም።

የሚያከራክረን «ሁሉም ቢገቡ» የሚለው ቃል ነው። ከ32ቱ ግማሹ ቢገባ ነጥቡ 32 ይሆናል፤ አሁንም ገልባጩን ይበልጣል። ከአራት አንዱ ብቻ ቢገባ ግን 16 ነጥብ ሆኖ ከገልባጩ በ8 ያንሳል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ከ32ቱ 12ቱ ሲገቡ፣ ማለትም ከስምንት ኳስ ሦስቱ ሲገቡ ነው። ይህ ቁጥር ለክበቡ እንደ ድንበር ድንጋይ ሊያገለግል ይችላል። ከስምንት ከሦስት በላይ የሚያስገባ ወርዋሪ ይመረጥ፤ ከዚያ በታች የሆነ ወርዋሪ ግን ምንም ያህል ቢያምር ክበቡን ይጎዳል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ውስብስብ መሣሪያ የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ ነው። ሽቦው ይላቀቃል፣ ብሎኑ በንዝረት ይፈታል፣ ኳሱ በመተላለፊያው ውስጥ ይቀረቀራል። ወርዋሪው ከአራት ጨዋታ በአንዱ ተበላሽቶ ቆመ፣ ገልባጩ ግን አንድም ጊዜ አልቆመም እንበል። የወርዋሪው አማካይ ነጥብ በሩብ ይቀንሳል፤ ሁሉም ቢገቡለት የሚያገኘው 64 ቀርቶ 48 ይሆናል። ስለዚህ ከገልባጩ ጋር እኩል ለመሆን ከስምንት ሦስቱን ማስገባት አይበቃውም፣ ግማሹን ማስገባት ይኖርበታል። አንድ ብሎን በጊዜው አለመጥበቁ የድንበሩን ድንጋይ ወዲያ ገፋው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የራሴን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር፣ ዐሥር ሳምንት ብቻ ያለው ክበብ በገልባጭ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ወርዋሪውን ሊሞክር ከፈለገ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጣውላና በካርቶን ሙከራውን ይሥራ፣ 40 ኳስ ይወርውር፣ የገባውንና የሳተውን በደብተር ይመዝግብ። የገባው ከ20 ካነሰ ሙከራውን ለከርሞ ያቆየው። ከ20 ከበለጠ ምርጫውን ይለውጥ፤ ያን ጊዜ እኔም አስተያየቴን እለውጣለሁ። ማስረጃ ሲመጣ የማይለወጥ አስተያየት ግትርነት ነው። ገልባጩም ቢሆን ሳይለካ አይታመንም፤ ኳሱ ከሣጥኑ ጠርዝ ነጥሮ ሊወጣ ይችላልና በዚያው ደብተር ይመዝገብ።

ይህን አቋም የያዝሁት ከስሌት ብቻ ተነሥቼ አይደለም። አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለሳይንስ ትርኢት ውኃ የሚስብ መሣሪያ ሠርተው ነበር። መሣሪያው ጥርስ በጥርስ የሚነዳ፣ ባለ ብዙ ማንሻ፣ ሲያዩት የሚያስደንቅ ነበር። አሳቡን ያፈለቀው አንድ ጎበዝ ተማሪ ሲሆን የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር። ትርኢቱ በደረሰበት ዕለት ልጁ ታሞ ቀረ። ስድስቱ ጓደኞቹ በመሣሪያው ዙሪያ ቆመው አንዱን ማንሻ ሲነኩ ሌላው ይያዝባቸዋል። ወላጆች መጥተው ነበር። ውኃው አንዲት ጠብታ ሳይወጣ ሰዓቱ አለቀ። አንዲት ተማሪ ከሁሉም ይልቅ እየደከመች ቀዳዳ ስትበሳ፣ ብሎን ስታጠብቅ የሰነበተች ነበረችና ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እኔኮ ምን እንደሠራሁ አላውቀውም» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የእርስዋ አልነበረም፤ የልጁም አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መሣሪያው ሲመረጥ «ይህን ስንቶቻችሁ ልትጠግኑት ትችላላችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ከነጥብ ስሌት ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ዐሥራ ሁለቱም የክበቡ አባላት የሚያውቁት፣ ማንኛውም ሁለት አባል በዐሥር ደቂቃ ፈትቶ የሚገጥመው መሣሪያ፣ አንድ ሰው ብቻ ከሚያውቀው መሣሪያ ይሻላል። አንዱ ሲታመም፣ አንዱ ሲፈተን፣ አንዷ ቤት ውስጥ ሥራ ሲበዛባት ሥራው አይቆምም። ከዚህም በላይ የክበቡ ዓላማ ዋንጫ ብቻ አይደለም። ዕውቀት በዐሥራ ሁለት ሰው ልብ ውስጥ ከተቀመጠ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለት አስተማሪ ይገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል የሚሠራው ክሩ ሁሉ ሲጎተት ነው፤ አንድ ክር ብቻ ቢጎተት ይበጠሳል።

የወላይታ ታሪክ ራሱ ስለ መሣሪያና ስለ ዐቅም ምርጫ የሚያስተምረን አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ርዳታ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ ዋዱ፣ ሶዶን ማእከል አድርጎ ተቋቁሞ ነበር። ከርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድን ርዳታ በጭላሎ የተቋቋመው ካዱም ነበረ። እነዚህ ድርጅቶች ማዳበሪያን፣ የተሻሻለ ዘርን፣ ብድርን፣ ምክርንና ሌላውንም አገልግሎት አስተባብረው ለገበሬው የሚያቀርቡ፣ ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ነበሩ። ከብዙ ትምህርትና ውጤት ጋር አንድ ችግር ታየ፤ ይህን ያህል ሙሉ የሆነ አሠራር ወደ አገሪቱ ክፍል ሁሉ ለማዳረስ ወጪውም የሠለጠነ ሰውም አልበቃ አለ። በመሆኑም በዚያው ዘመን አነስተኛ ጥቅል የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። እርሱም ከሙሉው ዝርዝር ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና ብድርን የመሰሉትን ጥቂት ነገሮች መርጦ ለብዙ ወረዳ ለማድረስ የታሰበ ነበር። እዚህ ላይ ትንሹ ከትልቁ በሁሉ ነገር ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ ትልቁ የሚሠራው ለትንሹ የማይቻል ሥራ አለ። ለማለት የፈለግሁት፣ መሣሪያ ወይም አሠራር ሲመረጥ «ምን ያህል ያምራል?» ከሚለው ይልቅ «ለስንት ሰው ይደርሳል፣ ማንስ ያስቀጥለዋል?» የሚለው መቅደም እንዳለበት ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች ይህን አስተያየት በሁለት ነገር ሊቃወሙት ይችላሉ። የመጀመሪያው ተቃውሞ «ከባዱን ካልሞከርን እንዴት እንማራለን?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። ወርዋሪ ጎማ የሠራ ተማሪ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ማዕዘን የሚማረው ገልባጭ ከሠራው ይበልጣል። ነገር ግን መማር ማለት መሣሪያውን በውድድር ሜዳ ማቆም ብቻ አይደለም። በሙከራ ጠረጴዛ ላይ 40 ኳስ ወርውሮ ውጤቱን የመዘገበ ተማሪ ያንኑ ትምህርት ተምሯል፤ የክበቡን ዕድል ግን አላስያዘም። ለዚህም ገልባጩ ሲሠራ ከፊቱ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ይተውለት። በሚቀጥለው ዓመት ሣጥኑ ተፈትቶ በቦታው ወርዋሪው እንዲገጠም መንገዱን ከወዲሁ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ክብርን ይነካልና። «ሌላው ሲወረውር እኛ በሣጥን የምናመላልሰው ከገጠር ስለ መጣን ነውን? ለድሃ ቀላሉ ይበቃዋል ልትሉን ነውን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ መብቱ ነው፤ አስተማሪውም ሊቆጣው አይገባም። መልሴ ይህ ነው፦ ቀላልን መምረጥ የድሃ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ሀብታሞቹ ባልመረጡት ነበር። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የሚገኝና ሮቦናውትስ የሚባል ስመ ጥር የተማሪዎች ቡድን አለ። ይህ ቡድን ለራሱ ውስብስብ ሮቦት እየሠራ፣ በየዓመቱ ደግሞ ኤቭሪቦት የተባለ፣ በጥቂት ዕቃና በተራ መሣሪያ የሚሠራ ቀላል ሮቦት እየነደፈ ንድፉን ለሌሎች ቡድኖች በነጻ ያድላል። ላይ በጠቀስሁት የ2014 ዓ.ም. ጨዋታ የኤቭሪቦት ንድፍ ኳሱን በክንድ ይዞ ወደ ታችኛው ግብ የሚያስገባ እንጂ ከሩቅ የሚወረውር አልነበረም። ይህን የመከሩት መወርወር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አዲስ ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ የማይሠራ ወርዋሪ ይዞ ከሚቆም የሚሠራ ክንድ ይዞ ቢጫወት እንደሚሻለው በማየታቸው ነው።

እንግዲህ ክብር ያለው በመሣሪያው መልክ ላይ አይደለም፤ መሣሪያው የተመረጠበትን ምክንያት ቆሞ በማስረዳት ላይ ነው። ዳኛው ወደ ሶዶው ክበብ ቀርቦ «ለምን ወርዋሪ አልሠራችሁም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ማንኛዋም አባል ደብተርዋን ከፍታ «40 ወርውረን 13 ገባልን፤ ድንበራችን 20 ነበር፤ ለከርሞ እናሻሽለዋለን» ብትል፣ ያች ተማሪ ከመሐንዲስ በምን ታንሳለች? በአንጻሩ ያማረ ወርዋሪ ይዞ «ሌሎቹ ስለሠሩት» ብሎ የሚመልስ ተማሪ መሣሪያውን አልመረጠውም፤ መሣሪያው መረጠው እንጂ።

ወላይታ ዛሬ ዩኒቨርስቲ ያለበት አካባቢ ነው። የሶዶ ከተማም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዚህች ከተማ የሚያድጉ ወጣቶች ነገ የሚመርጡት የኳስ መሣሪያ ብቻ አይሆንም። ለእንሰት መፋቂያ፣ ለዝንጅብል ማድረቂያ፣ ለውኃ መሳቢያ የሚሆን መሣሪያ ከሦስትና ከአራት ዓይነት መካከል መምረጥ ይኖርባቸዋል። ያን ጊዜ ስሕተቱ በነጥብ አይቆጠርም፤ በእናቶች ድካምና በገበሬው ገንዘብ ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ በኳስ ላይ መለካትን፣ ማወዳደርን፣ ምክንያትን ለሌላው ማስረዳትን ብትለምዱ ለዚያ ቀን ስንቅ ይሆናችኋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኳሱን በችኮላ የሚወረውር ሮቦትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አፍስሶ ይለቅማል። ቀድሞ የለካ ግን ቢገለብጥም ያገባል፣ ቢወረውርም ያገባል። ምርጫውን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ከመምረጣችሁ በፊት ግን ቁጠሩ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ጸሐፊው «የድንበር ድንጋይ» ያሉት ምንን ነው? ከአራት ጨዋታ በአንዱ መበላሸት ይህን ድንበር የለወጠው እንዴት ነው?
2. ጸሐፊው አቋማቸውን የሚለውጡት ምን ሲሆን ነው?
3. ስለ ሳይንስ ትርኢቱ የተነገረው ታሪክ የትኛውን የክርክር ነጥብ ይደግፋል?

ለ. «ቢገቡ»፣ «ቢበላሽ»፣ «ቢቀንስ» የሚሉትን ቃላት በመጠቀም ሦስት ውስብስብ ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። በያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጥገኛውን ሐረግ አስምሩበት።

ሐ. ወርዋሪውን ደግፋችሁ የጸሐፊውን አስተያየት የሚቃወም ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ አቋማችሁን፣ በሁለተኛው ማስረጃችሁን በቁጥር፣ በሦስተኛው ለጸሐፊው ብርቱ ነጥብ የምትሰጡትን መልስ አስፍሩ።